በጭብጨባ የተነሳው ፌርማታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ። በታላቅ ሐዘን የምነግራችሁ ነገር አለ። በፀሐይም በዝናብም ሰው ሲያስተናግድ የኖረው፣ ለማንም ክፉ ተናግሮ የማያውቀው፣ የልጆችን ማስቲካ በጎኑ ተሸክሞ ዝም ያለው ፌርማታችን በጠና ታሟል። ሐኪሙ ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ አይድንም።

ይህን ዛሬ ጠዋት የምሠራበት ላውንደሪ በር ላይ ቆሜ፣ ድምፄን አወፍሬ ለፈፍኩት። ሁለት ሴትዮዎች እውነት መስሏቸው ደረታቸውን ያዙ። “የማን ቤት ነው ልጄ?” አለችኝ አንዷ። ሳቄ አመለጠኝ። እትዬ፣ አሠሪዬ ናቸው፣ የልብስ መስቀያ ይዘው አባረሩኝ።

“አንቺ ልጅ፣ በሞት ይቀለዳል?”

በሞት መቼ ቀለድኩ? በብረት ነው የቀለድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሰሶው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ምክር ቤቱ መንገዱን ለመኪና ማቆሚያ ሊያሰፋው ነው። ፌርማታው ከበራችን ተነስቶ ዳገቱ አናት ላይ፣ አዲሱ ሕንፃ ጀርባ ይሄዳል። ቅዳሜ በአዳራሹ የነዋሪው አስተያየት ይደመጣል። ይደመጣል... ደስ የሚል ቃል።

ማታ ለአባባ ነገርኩት። አያቴ ነው። ዕድሜውን በሙሉ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከአውቶቡስ ግን አልወረደም። ጠዋት ጠዋት በከዘራው ከበራችን ፌርማታው ድረስ ይሄዳል፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ ይመለሳል። የሚቀጥለውን ፌርማታ ስም ይጠራል፣ “ወራጅ አለ?” ይላል። ሹፌሮቹ ለምደውታል። ጉልበቱ ከበር እስከ ምሰሶው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ለአንድ እርምጃ አይሆንም።

“ዳገቱ አናት?” አለ። ከዘራውን አገላበጠ። “ተሳፋሪው ዳገቱን በእግሩ ከወጣ፣ አውቶቡሱ ምን ሊሠራ መጣ?”

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የኮሌታ ሱፍ ገባ። ኮሌታ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሸሚዝ ተኩሰን በሰጠነው ቁጥር “ኮሌታው አልቆመም” ብሎ ይመልሰዋል። እሱ ራሱ መቼ ቆሞ ያውቃል? ከመኪና ወንበር፣ ከወንበር መኪና።

ሱፉን ተኮስኩት። አሳመርኩት። ከዚያ የውስጥ ኪሱን፣ መነጽሩን የሚከትበትን፣ በቀጭን ክር ሰፋሁት። ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አያለሁ። እትዬ ቢያዩኝ ከሥራ እባረራለሁ። ባያዩኝም አንድ ቀን እባረራለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የአባባን ኮት ተኮስኩ። በነጻ። ከእትዬ ተደብቄ።

እሱ ደግሞ ንግግር ይለማመዳል። መስታወቱ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። “ክቡር ሊቀ መንበር፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ይጠይቁኛል።”

“ማንም አይጠይቅህም አባባ። ራስህ ነህ የምትቀጥለው።”

“ጨዋ ከሆኑ ይጠይቃሉ።”

እንዲጨምርበት ለመንኩት። ጉልበትህን ንገራቸው፣ ዳገቱን ንገራቸው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። “ጉልበቴን ለስብሰባ ይዤ አልቀርብም” አለ። እሺ... እኔ ተሳፋሪ ነኝ ይበቃል እንግዲህ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ አልጽፍም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

እሺ። ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። መስኮቱ አይከፈትም። ኢንጂነሩ ረጅም ዘንግ ይዞ ካርታው ፊት ቆመ። ጠቋሚው አልኩት። በካርታው ላይ የኛ መንገድ ቢጫ ነው። የሚፈርስም የሚሰፋም ቢጫ ነው። ጠቋሚው ተናገረ... ተናገረ... የትራፊክ ፍሰት፣ የተቀናጀ ዕቅድ፣ የረጅም ጊዜ ራእይ። ኮሌታ መነጽሩን ሊከት ኪሱን ይፈልጋል፤ እጁ ደረቱ ላይ፣ ቃለ መሐላ የሚፈጽም ይመስላል። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ከኋላዬ “ይምላል ይገዘታል ሰውየው” አለኝ። አፌን በመሐረብ ያዝኩ።

ከጠቋሚው ቀጥሎ ተናጋሪው አባባ ነበር። ጎኔ ተቀምጧል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ተሳፋሪ ነኝ፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ። ላብ አጠመቀው። ጠቋሚው በዚህ ከቀጠለ አባባ ተራው ሳይደርስ ይደክመዋል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። እውነቴን ነው።

የሰፈራችን አመል ነው ይሄ። ሰው ንግግር ሲያስረዝም አናቋርጠውም፣ አንሰድበውም። እናጨበጭብለታለን። እስኪቀመጥ ድረስ። በሰርግም፣ በወላጆች ስብሰባም። የሰፈሩ ሰው ሲጨበጨብለት አንገቱን ይደፋና ቁጭ ይላል፤ ቂም የለም። መሪ ጨብጫቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ትምህርቱ ባይገባኝ ይሄ ገብቶኛል።

ጀመርኩት። ፀጉር አስተካካዩ ተቀበለኝ። እትዬም። ከዚያ አዳራሹ ተነቃነቀ።

ጠቋሚው አንገቱን አልደፋም። ፈገግ አለ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ያኔ እጄን ሰበሰብኩ።

ኮሌታ ተነሳ። የሰፈራችን ሰው አይደለም እሱ፣ ከየት ያውቃል? “ስለሰጣችሁት ሙሉ ድጋፍ በምክር ቤቱ ስም አመሰግናለሁ። ዕቅዱ በጭብጨባ ጸድቋል። ቀጣዩ አጀንዳ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ናቸው።”

አባባ እጁን አውጥቶ ቆሟል። ኮቱ አንድም መጨማደድ የለበትም።

“አባት፣ ውሻ አለዎት?” አለው ኮሌታ።

“የለኝም።”

“እንግዲያው ይቀመጡ።”

ተቀመጠ።

ፀጉር አስተካካዩ “ተቀመጥ ማለታችን እኮ ነው!” ብሎ ጮኸ። “ሥነ ሥርዓት” ተባለ። ኮሌታ ስለ ሥነ ሥርዓት መናገር ጀመረ፣ አረዘመው። ከኋላ ያሉት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እሱን ሊያስቀምጡት አጨበጨቡ። አመሰገነ። የውሾቹም ጉዳይ ጸደቀ።

ስንመለስ አባባ ቀስ እያለ፣ “የመጀመሪያዋን ጭብጨባ አውቄያታለሁ” አለኝ። “የድስት ክዳን የመሰለ እጅ ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት።”

“አባባ፣ እኔ እኮ...”

“አውቃለሁ። ተራ ልታስይዢኝ ነው።” ሳቀ። “አንቺ ጦጣ።”

ባይስቅ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ኮሌታ ሸሚዝ ሊወስድ ራሱ መጣ። እትዬ ጓዳ ነበሩ። ጨዋ ሆኜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነገርኩት። ያጨበጨብነው ሰውየው እንዲቀመጥ ነው፣ ደግፈን አይደለም አልኩት።

“ጭብጨባ ተቃውሞ ነው እያልሽኝ ነው?”

“በኛ ሰፈር እንደዚያ ነው ጌታዬ።”

“ስትደግፉስ ምን ታደርጋላችሁ?”

አሰብኩ። “ደግፈን አናውቅም” አልኩት። ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። “ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል ልጄ። ለከርሞ አቤት በሉ” አለኝ። ከዚያ ኮቱን ገልጦ፣ “ይሄ ኪስ ምን ሆኖ ነው?”

“ፋብሪካው ነው” አልኩ። ካውያዬን አነሳሁ።

ለከርሞ። አባባን ለከርሞ ጠብቅ ልበለው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ምሰሶውን ነቀሉት። አንድ ሸሚዝ ተኩሼ ሳልጨርስ አለቀ። ይሄን ሁሉ ዘመን የቆመ ነገር እንዲህ ይቀላል? ጉድጓዱን እንኳን አልደፈኑትም። አባባ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። “ጥልቅ አልነበረም ለካ” አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ዳገቱን ልሞክር አለ። እማዬ “አባዬ ይቅርብህ” አለችው። አልሰማም። ኮቱን ለበሰ፣ ወጣን። የመብራት ምሰሶው ጋ ስንደርስ ትንፋሹ ተቆረጠ። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። አውቶቡሱ አለፈን፣ ወጣ፣ አናቱ ላይ ሲቆም ከታች አየነው።

“ቆመ” አለ።

“ቆመ።”

“ወራጅ አለው ማለት ነው።”

ስንመለስ ለሰው ዓይን እኔን ያመመኝ እንዲመስል አድርጎ ክንዴን ያዘኝ። አንዲት ጎረቤት ከመስኮት “ልጅቷን ምን ነካት?” ስትል “ራሷን አዞራት” አላት። እኔም አነከስኩ። ራስ ለዞረበት ማንከስ ምን ይጠቅማል? አላውቅም፣ አነከስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ዛሬ ሠራሁላቸው።

ላውንደሪው ውስጥ ከላይ የተሰቀለ ልብስ የምናወርድበት ረጅም ዘንግ አለ። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን አናቱ ላይ ቸነከርኩ፣ “ፌርማታ” ብዬ ጻፍኩበት፣ ክፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ተከልኩት። እትዬ አዩኝ። መስቀያ ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ “ዘመም ብሏል” አሉኝ።

ሰው ልማድ አይለቀውም፤ ወዲያው ተሰለፈ። ጡሩንባ መጣ። ሹፌር ነው፣ ወጣት ነው፣ ዶሮ ባየ ቁጥር ጡሩንባ ይነፋል። ክዳኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰልፉን አየ። ቆመ። አባባ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ድምፁ በመስኮት መጣ፤ “የሚቀጥለው ዳገቱ አናት! ወራጅ አለ?”

አለቀስኩ ብዬ አልጽፍም። የካውያው እንፋሎት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ዛሬም ሄደ። ከረሜላ ይዞልኝ መጣ። ልጅ ነሽ አንቺ፣ ብይ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ተቆጣጣሪ ደርሶበታል። ጡሩንባ ካልተፈቀደ ቦታ አቁመሃል ተብሎ ከሥራ ታገደ። ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረን። ሚስቱ እርጉዝ ናት አለ። አባባ በሩ ላይ ነበር፣ ሰማ። ጠራኝ።

“ዘንጉን አውጪው።”

“አባባ፣ ሌላ ሹፌር...”

“ስንት ዘመን ቲኬት ስቆርጥ አንድ ሹፌር በኔ ምክንያት ተቀጥቶ አያውቅም። በሰው ጉሮሮ ላይ ቁጭ ብዬ አልሄድም።”

አልተቆጣም። ቢቆጣ እከራከረው ነበር። ዘንጉን ነቀልኩ። እትዬ ጭቃውን ጠርገው ወደ ቦታው መለሱት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አባባ ዛሬ ጫማውን አላደረገም።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ቅዳሜ ሌላ ስብሰባ ነበር። የቆሻሻ ገንዳ የት ይቀመጥ የሚል። ጠቋሚው እንደገና ዘንጉን ይዞ ቆመ። ተናገረ... ተናገረ... ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። እጆቼን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው እንኳን። ተናግሮ ተናግሮ ሲያልቅበት ኮሌታ ተነሳ። “ተቃውሞ ስላልቀረበ ጸድቋል” አለ።

ገንዳው ጉድጓዳችን ላይ ሊቀመጥ ነው።

እትዬ ዛሬ “ምን ሆነሽ ነው? ሰው መስለሻል” አሉኝ። የኮሌታ ሱፍ መጥቶ ነበር። ተኮስኩት። ኪሱን አልሰፋሁም።

ጡሩንባን ወደ ሥራው መልሰውታል። ከበራችን ሲደርስ ጡሩንባ ይነፋል፣ አይቆምም። አባባ መስኮቱ ጋ ወንበር አድርጎ እጁን ያነሳል። አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ከንፈሩ ይቀጥላል። አሁን ዳገቱ አናት... አሁን መጋዘን... አሁን ድልድዩ... አንዴም አይሳሳትም። ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ወራጅ አለ?” አለ። ማንን እንደጠየቀ አላወቅሁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን “አለ፣ ግን ሂሳብ የለኝም” እለው ነበር።

“የለም አባባ” አልኩት። “ንዳው።”

በሉ እንግዲህ፣ የመጀመሪያ ቀን የለፈፍኩትን ሐዘን ላንሳ። ሴትዮዎቹም ስላስደነገጥኳቸው ይቅር ይበሉኝ። ነገሩን ሳየው ይሄን ያህል አልነበረም። አንድ የብረት ምሰሶ ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላ ጉድጓድ ገባ። ሰው አልሞተም። ዳገቱም ለብዙው ሰው ዳገት አይባልም፣ እኔ በሩጫ ነው የምወጣው።

ትንሽ ነገር ነው።