በአንድ እጅ የሚዞር መሪ

ሰው ሁሉ ጋሼ ጡንቻ እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድማችን፣ ከወፍጮ ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በመስከረም ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር ነበሩ። እናታችን ሲያጫውቱን እንደኖሩት፣ ከቅጥነታቸው የተነሳ ጎረቤቱ «ልጅ ነው ወይስ ጥቅል ጨርቅ?» እያለ ያሾፍ ነበር። ጡንቻ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሰዎች ይህን ቢሰሙ ባላመኑ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ በእጅ ጽሕፈት ግን የመምህራን መከራ ነበሩ። አባታችን ሲታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጠሩ። በ1967 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ በ1969 ደግሞ በአንድ የድንጋይ ካባ ሹፌር ሆነው ገቡ። የገቡት ለአንድ ዓመት ብለው ነበር። በ1975 ዓ.ም. አዋላጅ ነርስ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው የሚሠሩበት ጤና ጣቢያ ከካባው የግማሽ ቀን መንገድ ይርቅ ስለነበር፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚያድሩት በወር አንዴ ነበር፤ እሱም መኪናው ከፈቀደ።

መኪናው አይፈቅድም ነበር። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም። በዚያ አሮጌ የናፍጣ መኪና ሞተር ጎን ሁለት ፓምፖች ተያይዘው ይዞራሉ፤ አንዱ መሪውን ያቀላል፣ ሌላው ቫኪዩም ፓምፕ የሚባለው ደግሞ አየር እየሳበ ፍሬን የሚረግጠውን እግር ያግዛል። ሁለቱም አርጅተው ነበር። መኪናው ድንጋይ ጭኖ ሲወጣ መሪው አልዞርም ይላል፤ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል ግድግዳ ይሆናል። ወንድማችን በትከሻቸው እየታገሉ፣ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነስተው ፍሬን እየረገጡ አሥራ ስድስት ዓመት ነዱት። ጋቢናው ጠባብ ነበር፤ ሞተሩ እግር ያቃጥላል፤ የመስኮቱ እጀታ ከተሰበረ ስለቆየ ንፋስ አይገባም።

ፈቃድ በጠየቁ ቁጥር አሠሪያቸው ምትክ አምጣ ይሏቸዋል። ምትክ ይመጣል፤ ከካባው በር ሳይወጣ ክንዱን እያሻሸ ይወርዳል። አንዱማ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ነው ጥሎት የሄደው። ፓምፖቹ ይቀየሩ ሲባል ደግሞ የአሠሪው መልስ አንድ ነበር፦ «ጡንቻ እያለልኝ ፓምፕ ምን ያደርግልኛል?» ጫኞቹ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። ወንድማችንም፣ እውነቱን እንናገር፣ ደስ ይላቸው ነበር። ያ ሁሉ ጭብጨባ በሩን እላያቸው ላይ ይቆልፍ እንደነበር የገባቸው ዘግይቶ ነው። አንድ ጊዜ ከወራት በኋላ ቤታቸው ሲደርሱ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸው በር ከፍታ አየቻቸውና «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ብላ ተጣራች። ያን ቀን አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ መውጫ መፈለግ ጀመሩ። መካኒክ ጓደኛቸው ከተገለበጠ አዲስ ሞዴል መኪና ላይ ጉልበቱ የበረታ የመሪ ፓምፕ አገኘላቸው። ምትኮቹን የሚያባርረው መሪው ስለነበር፣ እሱን ብቻ ቢቀይሩ በሳምንቱ በተገላገሉ። ወንድማችን ግን እምቢ አሉ። «ምትኩ መሪው ቀልሎለት ሲበር ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቢከዳውስ? ሥራዬን ሳይሆን መቃብሬን ነው የማወርሰው» አሉት። የሚስማማ ቫኪዩም ፓምፕ እስኪገኝ ድረስ የመሪውን ፓምፕ በጨርቅ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስቀመጡት። ሌሊት መውጫቸው ላይ እየተኙ፣ ቀን ቀን እዚያው ጋቢና ውስጥ ሁለት ዓመት ጨመሩ።

በ1985 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ካባውን ሲያዘጋ፣ ከመካኒኩ ጋር ሁለቱንም ፓምፖች ቀየሩ። ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጋውን ጎማ፣ ፓራኦሊዮውን፣ አዲስ አስገቡ፤ መሪውን ከዳር ዳር እያዞሩ አየሩን አስወጡ። ሥራ በተጀመረበት ጠዋት ግን እጃቸው ወሬውን አልሰማም ነበር። እንደ ልማዳቸው በሙሉ ትከሻቸው ቢጠመዝዙት መሪው ሽው ብሎ ዞረና መኪናው የዘበኛውን ወንበር ጨፍልቆ ቆመ። ቆመ፤ ፍሬኑ ያዘ ማለት ነው። በር ሊከፍቱ ተነስተው የነበሩት ዘበኛ ያንን ወንበር እስከ ዛሬ ያነሳሉ።

አሠሪያቸው «አሁንማ ቀለለልህ፣ ምን ያስሄድሃል?» አሉ። ወንድማችን በምትካቸው የመጣውን ወጣት ሹፌር መሪው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው ጎኑ ተቀመጡ። ልጁ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለቱን ወርዶ ሲያቆም፣ በሩን ከፍተው ወረዱና በዚያው በእግራቸው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ሻንጣቸውን እንኳ ያስመጡት በኋላ ነው።

በባለቤታቸው ከተማ ለብዙ ዓመታት የመንጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ሠሩ። ቤት ውስጥ በር ሲዘጉ ግድግዳው ይናጋ ስለነበር ባለቤታቸው «መሪ አይደለም እኮ!» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ሴት ልጃቸውን መንዳት አስተማሯት። ከዓመታት በኋላ ካባው ጨርሶ ሲዘጋ ያንኑ መኪና ገዝታ ስትመጣ ግን ደነገጡ። እኔን የያዘኝ እሷንም ይይዛታል ብለው አኩርፈው ሰነበቱ። ከኩርፊያቸው ሲመለሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ኮፈኑን ከፍቶ ፓምፖቹን ማየት ነበር።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የካባው አቧራ የጎዳው ሳንባቸው ያስቸግራቸው ጀመር። የመጨረሻውን ዓመት መንገድ ዳር ካለችው ክፍላቸው አልወጡም፤ «ሌላ ጋቢና ገባሁ» ይሉ ነበር። መሸት ሲል መኪናው ደጅ ሲቆም በድምፁ ያውቁትና «ፍሬኑ እንዴት ነው?» ይላሉ። «በአንድ ርግጫ ነው አባዬ» ትላለች። ይህን ሳይሰሙ አይተኙም ነበር። የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽትም ይህንኑ ሰምተው፣ እዚያችው ክፍል ውስጥ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን በዚያው መኪና የምታመጣው ሴት ልጃቸው ናት። እያለቀስሽ እንዴት ትነጂያለሽ፣ ሌላ ሹፌር እንፈልግ ብንላት፣ «አባዬ የሠራው መሪ በአንድ እጅ ይዞራል፤ በሌላው እንባዬን እጠርጋለሁ» አለችን።

አምላክ ነፍሳቸውን መጥበብ በሌለበት ሰፊ ስፍራ ያሳርፍልን።