በቀን ግማሽ ሰዓት

ጥቅምት 6

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ "የበሉትን፣ የተራመዱትን፣ የተኙበትን ሰዓት ይጻፉ አባቴ፤ በወሩ መጨረሻ ይዘውልኝ ይምጡ" አለችኝ። ለሷ የማሳየው ሌላ ወረቀት ላይ ነው። ይሄ የራሴ ነው።

ዛሬ ጠዋት፦ አንድ እንቁላል፣ ግማሽ ዳቦ፣ ሻይ ያለ ስኳር። ሻይ ያለ ስኳር ማለት… ቀለም የነካው ትኩስ ውሃ ማለት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ። ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ዓይንህም ደክሟል ተባልኩና መንጃ ፈቃዴን ተቀበሉኝ። የስምሪት ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አሁን እንግዲህ ማረፍ ነው" አለኝ። ማን ደከመኝ አለው?

ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ በር ላይ ቆምኩ። ተመልሼ ወጣሁ።

ጥቅምት 9

ልጄ ነርሷ ያዘዘችውን ሁሉ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ውሃ ቶሎ ቶሎ። አትክልት ይብዛ፣ ዳቦ ይነስ። በቀን ግማሽ ሰዓት እርምጃ። በጊዜ መተኛት። ማታ ማታ እግርን ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ በጣቶች መሃል ማድረቅ፣ ከሥር በመስታወት ማየት። በባዶ እግር መሄድ ክልክል ነው። "ክልክል" የምትለዋን በቀይ አሰመረችባት።

"አባዬ፣ በደንብ አጥናው፤ እጠይቅሃለሁ።"

"ወድቄ ብገኝስ?"

"ክፍል ትደግማለህ።"

ፀጉር ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ ላይ የማሰሪያው ምልክት ሰርጉዶ ይታያል። የሷን እግር ማን ያይላታል?

ጥቅምት 14

ተራመድኩ። ከበራችን እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር። መንገዱን በአውቶቡስ ሺህ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ዳገት መሆኑን ግን ዛሬ ገና አወቅኩ።

ኮሜንታተሩ በረንዳው ላይ ነበር። ከታች ያለው ጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ። ያየውን ሁሉ እንደ ኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። "ሹፌሩ በቀኝ መስመር እየገሰገሰ ነው… ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው… ተሳፋሪም የለውም!"

ሳቅኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። "ተሳፋሪም የለውም" የሚለው ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ጥቅምት 15

አልወጣሁም።

ጥቅምት 21

ልጄ ካርቶን ይዛ መጣች። ነጭ የስፖርት ጫማ፣ በጎኑ ሰማያዊ መስመር ያለው። "በዚያ በቆዳ ጫማህ እኮ ነው መራመድ ያስጠላህ" አለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ራሷ አሰረችልኝ። ትንሽ ሳለች እኔ ነበርኩ የማስርላት… ይሄ መቼ ተገለበጠ?

"ልክህ ነው?"

በትንሿ ጣት በኩል ተወጥሮ ይታያል፤ ጠቦኛል። በተለይ በግራው። ግን ፊቷን አየሁት። እናቷን ከቀበርን ወዲህ እንዲያ በርታ አላየኋትም።

"ልክ ነው" አልኩ። ጫማ ሲያደርጉት ይሰፋል።

ጥቅምት 28

ስኳሬ ወርዷል! ነርሷ ወረቀቴን አገላብጣ አየችው። የትምህርት ቤቱን ሜዳ በየቀኑ ሁለት ዙር፣ እንቅልፍ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ዳቦ ግማሽ። "እንዲህ ያለ ታካሚ ቢበዛልኝ" አለች። ለልጄ ነገርኳት፤ ሁለት እጇን አጨበጨበች። "የጫማው ነው" አለች።

እኔም አዎ አልኩ። የጫማው ነው።

ኅዳር 3

ካልሲዬ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። የትንሿ ጣቴ ጎን ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። አላመመኝም። ምንም። ይሄ እግር ከደነዘዘ ዓመት አልፎታል፤ ስነካው የሌላ ሰው እግር የነካሁ ነው የሚመስለኝ።

ነርሷ ያለችውን አልረሳሁም። "ባያምዎትም ቁስል ካዩ በዚያው ቀን ይምጡ።" በዚያው ቀን… ብሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጫማውን ነው። ልጄ ትሰማለች።

ካልሲውን አጠብኩ። ይደርቃል።

ኅዳር 5

ልጄ መስታወቱን ይዛ መጣች። "እስቲ እግርህን ልየው።"

"አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ደግሞ የፀጉር ቤቱ ደንበኛ አደረግሽኝ እንዴ?"

ሳቀች። መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ለመተኛት ገባች። ደክሟት ነበር፤ ሳቋን ስትጨርስ እንኳ አላየኋትም።

ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ ልጅን መዋሸት?

ኅዳር 9

ጣቴን በጥጥ ጠቅልዬ እየተራመድኩ ነው። ብቀር "ጫማህን ለምን አላደረግክም?" ትላለች። ምን ብዬ ልመልስ?

ኮሜንታተሩ ከበረንዳው "ሹፌሩ ያነክሳል! ተቀያሪ ተጫዋች እያሟሟቀ ነው!" ብሎ ጮኸ። ዝም በል አልኩት፣ በክፉ ድምፅ። ከዚያ ደረጃውን ወርዶ ሲመጣ አየሁት።

"ምን ሆነሃል?" አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ምንም።"

"ምንም አይደለም ያ። ለልጅቷ ልንገራት?"

"ከነገርካት እኔና አንተ ተለያየን።"

ኮፍያውን አውልቆ እያሻሸ ደረጃውን ተመልሶ ወጣ።

ኅዳር 13

ይሸታል። መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ከፍቼ ዋልኩ። ልጄ "ብርዱ!" ስትል "ነርሷ ንጹሕ አየር ብላለች" አልኳት። እውነት ነው፣ ብላለች። ያለችውን ሁሉ አሁን ለውሸቴ መሸፈኛ አደረግኩት።

ደሙ አልለቅ ያላቸውን ካልሲዎች በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኳቸው። ሦስት ጥንድ።

ኅዳር 16

ብርድ ብርድ ይለኛል። ትንሿ ጣቴ ጠቁራለች። ቅላቱ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። ሠላሳ አንድ ዓመት የስንት ሰው ነፍስ ተሸክሜ ስነዳ ሞተሩ ትንሽ ከተንቋቋ አቁሜ እወርድ ነበር። ተሳፋሪው ቢሳደብም እወርዳለሁ። አሁን ምን ነክቶኝ ነው?

ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር 17

ነገ አልኩ እኮ… ዛሬ የልጄ የልደት ቀን ነው። እንዴት በዛሬ ቀን ልንገራት?

ኅዳር 27

አልጋ ላይ ሆኜ ነው። የሆስፒታል አልጋ። ልጻፈው።

ኅዳር 18 ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ። ልጄ በሩን ገፍታ ገባች። መጀመሪያ ያደረገችው እኔን ማንሳት አልነበረም… አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ እግሬን አየች። ከዚያ ጮኸች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መነጽሩ ከአፍንጫው ላይ ይንሸራተታል። "እንዴት ጀመረ አባት?" አለኝ። ልጄ ራስጌዬ ቆማለች።

"ድንጋይ መታኝ።"

ጻፈው። እስካሁን ፋይሌ ላይ ድንጋይ ነው የሚለው።

"ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት" አለ።

"ትንሽ ቀን ላስብበት?"

"እስከ ነገ ጠዋት ያስቡ። ከዚያ በኋላ ከጉልበት በላይ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ…" አልጨረሰውም።

ፈረምኩ። ልጄም ፈረመች። የሷ ፊርማ ወረቀቱን ቀደደው፣ እስክሪብቶውን አጥብቃ ይዛው።

ኅዳር 28

ብርድ ልብሱ በቀኝ በኩል እስከ ታች ከፍ ብሎ ይሄዳል። በግራ በኩል ከጉልበቴ ሥር ሜዳ ነው። ጎብኚዎች ሲገቡ ሁሉም አንዴ እዚያ ያያሉ፣ ከዚያ ቶሎ ፊቴን ያያሉ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ታኅሣሥ 1

ልጄ ቤቱን ስታጸዳ ፌስታሉን አገኘችው።

ገና ከበሩ ስትገባ አወቅኩ። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

"ድንጋይ ነው ያልከኝ።"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት።

"አባዬ፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ! ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ደም! ጫማው ነው አይደል?"

"ልጄ…"

"ጫማው ነው ወይ ነው ያልኩህ!"

"ጠቦኝ ነበር።"

"እና ለምን አልነገርክኝም?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ።"

አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "አሁንስ አልከፋኝም?" አለች። "በሁለት ቀን ውስጥ እቀይረው ነበር እኮ። ሱቁ እዚያው ፀጉር ቤቱ አጠገብ ነው። በሁለት ቀን!"

ወጣች። አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ የተኛ መስሎ።

ታኅሣሥ 3

አልመጣችም።

ታኅሣሥ 4

አልመጣችም። ኮሜንታተሩ ሾርባ ይዞ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በእጁ ሲያዞረው፣ ሲያዞረው… "መናገር ነበረብኝ" አለ። "ብትጠላኝም መናገር ነበረብኝ።" ዓይኑ ሞላ። ሰማንያ ኪሎ የሚሆን ሰው፣ ዓለምን ሁሉ የሚያስቅ ሰው።

"እኔ ነኝ የከለከልኩህ" አልኩት።

"አውቃለሁ። ያም አላሳረፈኝም።"

ሾርባው ቀዘቀዘ። ሁለት ሰው ነው የጎዳሁት፣ አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 6

መጣች። ልብስ ቀየረችልኝ፣ ክኒኔን ቆጥራ ሰጠችኝ። "ደህና እደር" ብቻ ብላ ሄደች። ዓይኗ አብጧል። ጫማዎቹን ምን እንዳደረገቻቸው ልጠይቅ አስቤ ተውኩት።

ታኅሣሥ 15

ቤት ገባሁ። ኮሜንታተሩና ሁለት ጎረቤቶች ወንበር ላይ አስቀምጠው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሸከሙኝ። በየፎቁ በር ይከፈታል፣ "እግዜር ይማርህ" ይላሉ፣ በር ይዘጋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲያርፉ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደ ሕፃን ተሸከሙኝ፤ ሕፃን ግን ይሄን ያህል አይከብድም።

ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ወረቀት እንዳለ አለ። "በቀን ግማሽ ሰዓት እርምጃ"… ማንም አላነሳውም። ማን ደፍሮ ያንሳው?

ታኅሣሥ 19

ከአልጋ እስከ መስኮት በክራንች። ሰባት ጊዜ አረፍኩ። ብብቴ ተላጠ። ከታች ሰዎች ይሄዳሉ፤ አንዷ ሴትዮ በስልክ እያወራች፣ መሄዷን እንኳ ሳታስበው ትሄዳለች።

ጠዋት ስነቃ ለምን ነቃሁ እላለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ብቻ።

ታኅሣሥ 24

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የተቆረጠው እግሬ ያመኛል፤ ሆስፒታል ሳለሁ ነው የጀመረኝ።

ቁስሉ አይደለም፣ ቁስሉ ድኗል። የሌለው ነው። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይጨመደዳሉ፣ እሳት ላይ እንደተጣደ ይለበልበኛል። እጄን ስሰድ አንሶላ ነው የማገኘው። በነበረ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አሞኝ የማያውቅ እግር! ያኔ ቢያመኝ እኮ እድን ነበር…

ማን ያምነኛል? አበደ ነው የሚሉኝ። ለልጄማ እንዴት ብዬ? እስካሁን በወጉ እንኳ አታናግረኝም።

ታኅሣሥ 27

አሁንም። ትራሴን ነክሼ ዋልኩ። ልጄ "ምን ሆንክ?" ስትል "እንቅልፍ ነው" አልኳት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ጥር 3

ዛሬ ፀጉር ቤቱ ዝግ ስለሆነ ቤት ዋለች። ከሰዓት በኋላ ሳፋ ይዛ መጣች፣ ለብ ያለ ውሃ። ሳትጠይቀኝ የቀረውን እግሬን አጠበችው። በጣቶቹ መሃል አደረቀች፣ አንድ በአንድ። መስታወቱን ከሥር ይዛ አየች፣ ተረከዙን በአውራ ጣቷ ተጫነች። እኔም ዝም ብዬ ሰጠኋት።

ያኔ ያ ነገር መጣ። ፊቴ ተጨማደደ መሰለኝ፣ እጇን ሰበሰበች።

"አሳመምኩህ?"

"አይ… አንቺ አይደለሽም።" ለማለት የፈለግኩት "ምንም" ነበር። አፌ ውስጥ ነበረ ቃሉ። ከዚያ እሷን አየኋት፣ እርጥብ ፎጣ ጭኗ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አሁን ምን ብሎ ይዋሸኝ ይሆን እያለች እንደምትጠብቅ።

"እግሬ ነው" አልኩ። "ያኛው።"

"የቱ ያኛው?"

"የሌለው። ይለበልበኛል። ጣቶቹ ሁሉ። የማብድ እየመሰለኝ ነው ልጄ።"

አልሳቀችም። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሆስፒታል ጀምሮ።"

"ወር ሙሉ?"

"ወር ሙሉ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። ሳፋውን ገፋ አድርጋ ወደ አልጋው ቀረብ አለች።

"የት ጋ ነው?"

እፍረት ይዞኝ በጣቴ አሳየኋት። አንሶላው ላይ፣ ባዶው ቦታ። እጇን እዚያ አሳረፈችና አንሶላውን ማሸት ጀመረች።

"እዚህ?"

"ትንሽ ወደ ታች።"

"እዚህ?"

"አዎ። እዚያ ነው።"

ሕመሙ አልለቀቀኝም። እሷ ግን ውሃው እስኪቀዘቅዝ እያሸች ቆየች። ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ኮሜንታተሩ ያወርደኛል። ለነርሷ የምነግራት እኔ ነኝ። የድንጋዩንም ነገር ጭምር።