የስድስተኛው ሰዓት ቁጥር

ለቀድሞ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ ቶሎ ቶሎ የሚነሳብሽ ራስ ምታት እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ደህና ለመሆን ስታገል ከርሜ ሰሞኑን ተሳክቶልኛል።

ሐሙስ የዶክትሬት ጽሑፍሽን ልታቀርቢ መሆኑን ሰምቼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የገዛ ሥራዬ ነው። ሕዋሶቹን በመድኃኒት ይዤ፣ ሁሉም ዲኤንኤያቸውን መገልበጥ ሊጀምሩ ሲሉ እኩል ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። መድኃኒቱን አጥቤ ለቅቄያቸው በየሁለት ሰዓቱ ናሙና በቱቦ እየቀዳሁ ስንቱ ገና እየገለበጠ፣ ስንቱ ጨርሶ ለመከፈል እየተዘጋጀ እንደሆነ የቆጠርኩትም እኔ። አባቴን ቀብሬ ስመለስ ቁጥሮቹን የመዘገብኩበት ደብተሬ አንቺ እጅ ገብቶ ጠበቀኝ። ሥራው የኔ ነው ብዬ የላቦራቶሪው አለቃችን ዘንድ ብገባ፣ እሷማ ዕቃ ከማጠብ በቀር ምን ታውቃለች ብለሽ ቀድመሽኝ ኖሯል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይሏል ይህ ነው።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ሕዋሶቹን ከለቀቅኳቸው በስድስተኛው ሰዓት የቀዳሁበት ቱቦ ከእጄ ወድቆ ተሰብሯል። የደብተሩ መስመር ባዶ እንዳይቀር ገና እየገለበጡ ያሉት ሰባ ሁለት በመቶ ናቸው ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩ። ደግሜ ሠርቼ ላርመው ነበር፣ የአባቴ መርዶ ቀደመኝ። ምልክት አለማድረጌ ጥፋቴ ነው። አንቺ ግን ገጽ ሰማንያ አንድ ላይ ሰባ ሁለት በመቶ፣ ሦስት ጊዜ ተደግሞ የተረጋገጠ ብለሽ ጽፈሻል። እኔ በኋላ ሌላ ላቦራቶሪ ገብቼ የራሴን ዶክትሬት ስሠራ አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ከዘጠና በላይ ነው የወጣው። ሕዋስ እንኳ ሲገለብጥ ስህተቱን ያርማል፣ ከመከፈሉ በፊትም ቆሞ የገለበጠውን ያያል። አንቺ ይሄንን ስታስተምሪ ኖረሽ አንድ ቀን አላደረግሽውም።

ከፈታኞችሽ አንዱ ታመው ምትክ መገኘቱን ነግረውሽ ይሆናል። ስለ ገጽ ሰማንያ አንድ ትጠየቂያለሽ፤ የሦስቱ ድግግሞሽ ወረቀት የታለ ትባያለሽ። የጠያቂውን ድምፅ አትስቺውም። ልትቀሪም ትችያለሽ፣ ለኔ ሁለቱም አንድ ነው። ይህን ዛሬ የጻፍኩልሽ እንድትዘጋጂ አይደለም፤ እስከ ሐሙስ ድረስ እንድትፈሪ ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ምርቃት አለኝ። አምላክ የዚያን ዕለት አንደበትሽን ይፍታልሽ፤ እውነቱን ለመናገር ያህል ብቻ።

የቀድሞ ጓደኛሽ