ሳጥን ውስጥ የቆየው የመርፌ ካርድ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ገብረሃና፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት በቃሌ ተናግሬ አስጽፌአለሁ። የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ የአቶ መርጋ ልጅ፣ ጠበቃዋ ደራርቱ ናት። ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስቀድሜ ነግሬአታለሁ። ከዚህ ቀደም ያደረግሁት ኑዛዜ ቢገኝ በዚህ ተሽሯል።

ወራሾቼ ሁለት ናቸው፤ ልጄ እጸገነት ሐጎስ፣ እንዲሁም በሠላሳ ዓመቱ በልብ ሕመም የሞተው የልጄ የሚልዮን ሐጎስ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ አርያም። የአርያም እናት ራሕዋ አታክልቲ በሕግ ወራሼ አይደለችም። ይሁን እንጂ ይህ ኑዛዜ ከማንም በላይ ስለ እርሷ ነው። አሁን ከልጇ ጋር በጓዳ ናት። ምስክሮች ከመፈረማቸው በፊት ተጠርታ ይነበብላት፤ ፊቷን እያየሁ ግን ልናገረው አልችልም።

አንደኛ፣ ይህ ቤት እኩሌታው ለእጸገነት፣ እኩሌታው ለአርያም ይሁን። ሆኖም ራሕዋ በሕይወት እስካለች ትኑርበት እንጂ ማንም እንዲያስወጣት አልፈቅድም። ባል ብታገባም ከነባሏ ትኑርበት። እጸገነት፣ ይህን ስትሰሚ ከንፈርሽን እንደምትነክሺ አውቃለሁ። አንቺ የራስሽ ቤት አለሽ፣ ባልሽም አለልሽ። የካዛንቺሱ ቤታችን ለልማት ሲነሳ ዕቃዬን ያስጫነችው፣ እኔንም ደግፋ ሦስተኛ ፎቅ ያወጣችኝ ራሕዋ ናት። አንቺ በስልክ ታዝዢ ነበር።

ሁለተኛ፣ በሠርጓ ቀን በገዛ እጄ ራሕዋ አንገት ላይ ያሰርኩት የወርቅ ሀብል ዛሬ በእጸገነት አንገት ላይ ይገኛል። ሚልዮን በሞተ በአርባው ማግስት «የቤተሰብ ነው» ብዬ ወሰድኩባት። በገዛ እጇ ፈትታ ሰጠችኝ። ለራሕዋ ይመለስ።

ሦስተኛ፣ ይህን ኑዛዜ ያስጻፈኝ ነገር ይህ ነው። ሚልዮን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ጉሮሮውን አመመው። እኔም ዝንጅብልና ማር እየሰጠሁ ያልፋል ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ልቡ እንደ ተጎዳ፣ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ካልተወጋም በሽታው እያገረሸ እንደሚብስበት ተነገረኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀጠሮ አላጓደልንም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ግን «ለቶንሲል ነው» እል ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ራሕዋን ሊያገባ ሲል፣ አቶ ሰለሙንን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባቷ ወደ አቶ አታክልቲ ላክሁ። አቶ ሰለሙን ከደጃፌ ሳይወጡ «መጠየቄ አይቀርም፤ ልጁ የሚያመው ነገር አለ?» አሉኝ። «ምንም የለበትም» አልኳቸው። እርሳቸውም እኔን አምነው ያንኑ ተናገሩ፣ ልጅቷም ተሰጠች። የልብ በሽተኛ ለተባለ ልጅ ማን ልጁን ይድራል ብዬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ለሰው ስተርት ኖሬ፣ ተራው የእኔ ሲደርስ ተረቱ ጠፋኝ።

እዚህ ላይ ከምስክሮቹ ጋር የተቀመጡት አቶ ሰለሙን አቋረጡኝ። «አንቺ ሸዋአየሁ! እኔን በሰው ልጅ ዕድሜ ላይ በሐሰት አስመሰከርሽኝ ማለት ነው?» አሉ። አዎ፣ እንደዚያ ማለት ነው። ደራርቱ፣ የእርሳቸውንም ቃል ጻፊው።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመርፌ ካርዱን ከልጄ ተቀብዬ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። «እማዬ፣ መርፌዬስ?» አለኝ። «ሠርጉ ይለፍና ትቀጥላለህ፤ ሙሽራዋ ካርድ ብታይ ምን ትላለች?» አልኩት። ሠርጉ አለፈ፣ እርሱ ግን አልቀጠለም። ጤና ጣቢያው እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ስለ ነበር፣ ተሰልፎ ሰው እንዳያየው የከለከልኩት እኔ ነኝ። «ለራሕዋ ልንገራትና ልገላገል» ብሎ ሦስት ጊዜ ለመነኝ። በሦስተኛው «ከነገርካት ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ» አልኩት። ልጄ እናቱን አክባሪ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አላነሳውም።

በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ ጀመረ። ራሕዋ «እማማ፣ በቃ ሐኪም ይየው፤ ማለቴ፣ ይሄ እኮ የጤና አይደለም» ስትለኝ «ብርድ ነው» አልኳት። ደረቱን ቪክስ እየቀባች ዓመት ከረመች። ሆስፒታል የደረሰው እግሩ አብጦ፣ ጋደም ማለት አቅቶት ነው። ሐኪሙ ራሕዋን «መርፌውን መቼ ነው ያቆመው?» ብሎ ጠየቃት። «የምን መርፌ?» አለች፤ ዞራም አየችኝ። እኔም «በልጅነቱ ነበር፤ ድኛለሁ ብሎኝ ነበር። ለአንቺም አልነገረሽም እንዴ?» አልኳት። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

እነሆ ስምንት ዓመት ራሕዋ ባሌ ዋሸኝ ብላ ትኖራለች። ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ አልሰቀለችም። አርያም «አባቢ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ስትላት «ዝምተኛ ነበር» ብላ ታልፋለች። ይህን እየሰማሁም እውነቱን አልነገርኳቸውም። ልጄን በሽታው ብቻ አልገደለውም፣ የእኔ ይሉኝታ አግዞታል። ከሞተ በኋላም ስሙን ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

አራተኛ፣ በልቅሶው ድንኳን ውስጥ እጸገነት ደረቷን እየመታች ራሕዋን «ገፊ!» አለቻት። ሴቶቹም ተቀባበሉት። እኔ እውነቱን ቆልፌ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ሰው ሁሉ እንደ ማረጋገጫ ቆጠረው። ስለዚህ በሞትኩ በሠልስቴ፣ ሰው ሳይበተን፣ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ መርጋ የዚህን ኑዛዜ ሦስተኛ አንቀጽ ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ያንብቡ። አቶ መርጋ «ኧረ እትዬ ሸዋአየሁ፣ የሙት ገመና በድንኳን አይነበብም፤ ለቤተሰብ ብቻ ይሁን» ብለውኛል። ስድቡ ለቤተሰብ ብቻ አልነበረም። እምቢ የሚሉ ከሆነ እድሩ ድንኳኑንም አይትከልልኝ።

አምስተኛ፣ ሚልዮን ቄራ በነበረው ሱቁ ሞባይል ይጠግንባቸው የነበሩት ትንንሽ መፍቻዎችና ባለ መብራቱ ማጉያ ለአርያም ይሁኑ። እጇ የአባቷ ነው፣ ያገኘችውን ሁሉ ትፈታለች። ደግሞም አደራ፤ ይህች ልጅ ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ «ያልፋል» የሚል ሰው በዚህ ቤት አይኑር። በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ስድስተኛ፣ የመርፌ ካርዱ ለራሕዋ። የመጨረሻው ማኅተም ጥር 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ይላል፤ ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው። ከካዛንቺስ ስንወጣ ሳጥኑን የተሸከምሽው አንቺ ነበርሽ ልጄ፤ «እማማ፣ ምን ቢኖርበት ነው የማይለቁት?» ብለሽም ስቀሻል። እኔን ይቅር በዪኝ ብዬ በኑዛዜ አላስጨንቅሽም። ሚልዮንን ግን ይቅር በዪው። ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር።

ይህ ኑዛዜ ከተነበበልኝ በኋላ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።
ሸዋአየሁ ገብረሃና (ፊርማ)

ሲነገር የሰማን፣ ሲነበብም አብረን የነበርን ምስክሮች፦
መርጋ ቶሎሳ፣ የእድር ሊቀመንበር (ፊርማ)
ሰለሙን ወልደገሪማ፣ የጋብቻው ሽማግሌ የነበሩ (ፊርማ)
ቄስ ኃይለጊዮርጊስ፣ የተናዛዥዋ የንስሐ አባት (ፊርማ)
ጃለኔ ፊሮምሳ፣ የፎቁ ጎረቤት (ፊርማ)

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ እኔ ደራርቱ መርጋ ከፊርማው በፊት ወይዘሮ ራሕዋን ጠርቼ ኑዛዜውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤላታለሁ። ስጨርስ ካርዱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ስንት ጊዜ ነው የለመነዎት?» ብላ ጠየቀች፤ ቁጥሩን ግን ሲነበብላት ሰምታዋለች። ተናዛዥዋ «ሦስት ጊዜ» አሉ። ወይዘሮ ራሕዋ የግድግዳውን ሰዓት አይታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የተናዛዥዋን የደም ግፊት ክኒን በአንድ እጇ፣ ውሃ በሌላው ይዛ ተመለሰች። «እማማ፣ ይዋጡ። ሰዓቱ አልፏል» አለች። ስታቀብላቸው ውሃው ወረቀቱ ላይ ፈሷል። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ የሚታየው መደብዘዝ ከዚህ የመጣ እንጂ ስርዝ ድልዝ አለመሆኑን አረጋግጣለሁ።