ያላሰርሁት ክታብ

ረቡዕ

የኮሮና ምርመራዬ አሁንም ኔጋቲቭ። ደረጀ ፖዘቲቭ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ከአንድ ትሪ በልተን፣ ሲያስለው ጀርባውን እየደለቅሁለት፣ ባሌን ያዘው፤ እኔን ዘለለኝ። አምና የመምህራን ክፍሉ በሙሉ ተኝቶ እኔ ብቻዬን ከክፍል ክፍል ስሮጥ ከረምሁ። ከዚያ በፊት እህቴን ሳስታምምም እንዲሁ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ብርቱካን ውጤቱን ስትነግረን ደረጀ በማስኩ ሥር «እኔ ለሁለታችንም ታምሜያለሁ» አለ። ሳቅን። እሱ ሳቁን ሳይጨርስ ሳሉ ቀደመው።

«ግን ለምንድን ነው?» አልኋት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ መጠየቁ ራሱ አሳፈረኝ።

«በዘር የሚወረስ ነገር ይሆናል። ሰውነትሽ ከድሮ ጉንፋን ተምሮ ይሆናል። ዕድልም አለ። ቁርጡን የሚያውቅ የለም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ይዞሽ ሳታውቂው ለቆሽም ይሆናል። ኔጋቲቭ ማለት ዛሬ አልተገኘም ማለት ነው።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች። ይዞኝ ሳላውቅ ከለቀቀኝ፣ ስንቱ ላይ አራግፌው ይሆን?

የኔታን ከፋሲካ ወዲህ አላየኋቸውም። የኔታ አባቴ ናቸው። ቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ ያስተምራሉ። ተማሪው ሁሉ የኔታ ሲላቸው እየሰማን ስላደግን እኛም ልጆቻቸው በዚያው ቀረን። አርጅተዋል፤ ደረታቸውም ከጥንት ደካማ ነው። እንዳልሄድ ፈራሁ፣ እንዳልቀር ናፈቁኝ።

ሐሙስ

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይዘው በር ላይ ቆሙ። «ለእሱ ነው። አንቺስ ምን ያደርግልሻል» ብለው ጠቀሱኝ።

«እኔማ ምን?»

«እንዲያው ለልጆቼም ከየኔታ ለምኚልኝ።»

«ምኑን?»

«ክታቡን ነዋ!»

ክው አልሁ። ምን ክታብ ብላቸው ተቆጡኝ። «ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ? ምነው አንቺን አይዝሽ ስልሽ፣ ክታብ ነው መሰለኝ አላልሽኝም? አንገትሽ ላይስ ያየኋት ጥቁሯ?»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያልሁት «ክትባቱ ነው መሰለኝ» ነበር፣ ያውም ማስክ ደርቤ። እትዬ ጥሩ ደግሞ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል። የአንገቴ ጥቁር ፍላሽ ነው! ፈተና አውጥቼ ያስቀመጥሁበት፣ እንዳይጠፋብኝ ከማተቤ ጋር ያሰርሁት።

አውጥቼ አሳየኋቸው። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ነው ብዬ ማልሁ። ገልበጥ አድርገው አዩትና «የመርጌታ ልጅ! በዘመኑ አሠርተሽዋላ» አሉ። ሲወጡም አጽናኑኝ፦ «አይዞሽ፣ ለሰው አልናገርም። ለእህቴ ብቻ ነው የነገርሁ፣ አርብ ገበያ ላለችው።»

ለደረጀ ነግሬው እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ኋላ ሳቄ ቆመ። ለአርብ ገበያ ሰው የተነገረ ለገበያተኛው ሁሉ ተነገረ። ከገበያው ደግሞ የኔታ በር ሩቅ አይደለም።

ዓርብ

የፈራሁት ደረሰ። ዲያቆን ሞገስ ደወለ። የየኔታ ነባር ተማሪ ነው፤ ከጎናቸው የማይለየው እሱ ነው።

«እታለም፣ ሰው በዛብን። ካለፈው ገበያ ወዲህ እየሳለ የሚመጣው ብዙ ነው። ለልጅዎ ያሰሩላትን ለእኛም ይላል።»

«የኔታስ?»

«መጀመሪያ፣ እኔ ጠንቋይ ነኝ ወይ ብለው ዱላ አነሱ። ሰዉ እምቢ ሲል ጊዜ፣ እንግዲያስ ስሙ፣ ይህ ክታብ የሚታሰር አፍና አፍንጫ ላይ ነው፤ አስራችሁ ከቤት ሳትወጡ ሰንብቱ አሏቸው።»

ሳልወድ ሳቄ አመለጠኝ። «አሰሩ ታዲያ?»

«በነጠላቸው አሰሩ። ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲጠጉ ግን ይፈቱታል።»

 ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ከትናንት ጀምሮ ድምፃቸው ተዘግቷል። ትኩሳትም አላቸው» አለኝ።

የየኔታ ድምፅ። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት።

ደረጀ ይሻለዋል፤ ዛሬ ሽሮ አማረኝ ብሏል። «ሂጂ፣ አንቺን እንደሁ አይዝሽ» አለኝ። ጮኽሁበት። እኔን ባይዘኝ እኔ ይዤው ብሄድስ? ምስኪን፣ ለደግ ብሎ ነው። ሰው ሁሉ እንደ ታቦት ተሸክሞ ሊያስገባኝ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ራሴን አላምነውም።

ቅዳሜ

በጠዋት ሲስተር ብርቱካን ደግማ መረመረችኝ። ኔጋቲቭ። ማይልኝ አልኋት፤ «የመሐላ ኪት አልመጣልንም» ብላ ሳቀች። ማስክና የትኩሳት መድኃኒት ሰጠችኝ። አርብ ገበያ ለምታውቃት ነርስ ደውላ ሰኞ ከሰዓት የየኔታ ቤት ድረስ እንድትመጣ አስማማችልኝ።

ሚኒባሱ ከንፋስ መውጫ እንደወጣ መስኮት ከፈትሁ። መኪናው በአንድ አፍ፣ «ዝጊው! ምች ልታስመቺን ነው?» አለ። ለኮሮና ያልተባበረ ሕዝብ ለብርድ ተባበረ። ጣት በሚያስገባ ታረቅን።

ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ታወራለች። «መምህርት ናት አሉ። ስንቱን ሬሳ ገንዛ አልያዛት። ጥቁር ክታብ አላት፣ ሌሊት ታበራለች።» እውነት ነው፣ ሲሰካ ታበራለች። ፍላሹን ከአንገቴ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ማነሽ ብባል ምን እመልስ ነበር?

ከአርብ ገበያ ወደ ቤተ ልሔም በእግሬ ሄድሁ። የኔታ መደባቸው ላይ ጋቢ ተከናንበዋል፣ ፊታቸው ጠቁሯል። እጄን አንስቼ ከበሩ ላይ እጅ ነሣሁ።  ውጭ ተማሪው ዜማውን ይላል። ሲስት የሚያርመው ድምፅ የለም። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ተማሪው ያቆምና ከመነሻው ይጀምራል።

እሑድ

ትኩሳቱ ባሰ። አጥሚት በማንኪያ ሰጠኋቸው፤ ጥቂት ቀመሱና ፊታቸውን አዞሩ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ። እኔን በያዘኝና እሳቸውን በተዋቸው። አንድ ቃል በወጉ ባወጣ፣ ማስኬን ዝቅ አድርጌ «ክትባት» ብል፣ ይህ ሁሉ ሰው ደጃቸውን አይረግጥም ነበር።

ወደ ማታ በሹክሹክታ፣ «እስቲ ያን ክታብ አምጪው» አሉኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁላቸው። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት።

«ምን ተጽፎበታል?»

«የዘጠነኛ ክፍል ፈተና።»

«ፈተናስ ፈተና ሆኗል» አሉና ሊስቁ ሲሞክሩ ሳል አንፈራፈራቸው። ውኃ አቀበልኋቸው። ሲረጋጉ፣ «እውነት ለምን አልያዘሽም?» አሉ።

«አላውቅም፣ የኔታ። የሚያውቅም አላገኘሁ።»

«እንግዲያ ለሰውም እንደዚያው በይ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢሉትስ ማን ይሰማል? አላውቅም የሚል ክታብ የሚገዛ የለም።

ሰኞ

ስነቃ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ድምፃቸው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ነው፣ ግን ድምፅ ነው!

«በይ፣ በሽታው አንቺን ካልያዘሽ አንቺ እኔን ያዢኝ። ፀሐይ ልሙቅ።»

ያዝኋቸው። የትናንቱ ግለት የለም፤ እጃቸው ቀዘቀዘኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ሞገስ በርጩማ አወጣ፣ አስቀመጥናቸው። ተማሪዎቹ ጀመሩ፤ አንዱ ሳተ፤ የኔታ መቋሚያውን ሳያነሡ በዚያ ሻካራ ድምፅ አረሙት። ሞገስ ወደ ቤት ገባ፤ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

እኔ ግን የገዛ ግንባሬን ነካሁ። እሳቸው በርደው ነው ወይስ እኔ ግዬ? ጉሮሮዬም ደረቅ ብሏል። የመንገዱ አቧራ ይሆናል። ትናንት ያለቀስሁት ይሆናል። ይሆናል፣ ይሆናል።

የኔታ ምነው ራቅሽ አሉኝ። ፀሐዩ በረታብኝ ብዬ ከግንቡ ጥግ ሆኛለሁ። ነርሷ ከሰዓት ትመጣለች። እስከዚያው የየኔታን ክታብ አፍና አፍንጫዬ ላይ አጥብቄ አስሬ ተቀምጫለሁ።