ቴምብር ላይ ያለችው ሙሽራ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የማድራስ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ወንዙ ሞልቶ እስከ ሙዝ ተክላችን ድረስ መጥቶ ተመለሰ እንጂ ሌላ ክፉ አልነካንም። እማዬ ጥርሷ አልቋል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ይህን እስክነግርሽ ሆዴ አላስችል ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ፖስተኛው ቻቱኒ ለልጄ ለታንካም ከወደፊት አማቶቿ የተላከ ደብዳቤ አመጣ። ከኦናም በዓል በኋላ ትዳራለች ብዬሽ የለ? ገና ከደጅ፣ «አዲስ ቴምብር ወጥቷል፤ የኛ አገር ሙሽራ ናት!» እያለ ራሱ የሳላት ይመስል ተንጎራደደ። እውነትም ነጭ ልብስ በሰፊ የወርቅ ጥለት፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ፣ አንገቷ ላይ አረንጓዴ ፈርጥ። ለታንካም ልብስ ልታማርጠን የመጣችው ጎረቤታችን ካርቲያያኒ ነጥቃ አየችና ሳቋን ለቀቀችው።

«ይሄ ሠዓሊ ሴት ስትለብስ አይቶ አያውቅም እንዴ? በግራ የሚጣለውን ነጠላ በቀኝ ትከሻዋ ጣለው! አገር ምድሩ ይሳቅብን?» አለች።

«የዴልሂ ሰው ምን ያውቃል ብለሽ ነው!» ብሎ ቻቱኒ አገዛት።

እማዬ ጥግ ይዛ የምታኝከውን ቅጠል በትንሿ ሙቀጫ ትወቅጥ ነበር። «እስቲ አምጪው» አለች። መነጽሯን አድርጋ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

«ሠዓሊው አልተሳሳተም» አለች። «ልጄ ግራኝ ናት።»

የካርቲያያኒ ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ። እኔና አንቺ በስውር ብንጻጻፍም፣ እማዬ ስላንቺ ስታነሳ ከሃያ ዓመት በላይ ማን ሰምቶ ያውቃል? ፎቶሽ እንዴት ሠዓሊው እጅ እንደገባ እስካሁን አጠያይቃለሁ። የኦታፓላም ከተማው ፎቶ አንሺ ለዓመታት መስኮቱ ላይ ሰቅሎት ነበር ይላሉ።

ታንካም፣ «የቷ ልጅሽ፣ አያቴ?» አለቻት። እማዬም ሳትሸፋፍን ነገረቻት፤ በሰርግሽ ጠዋት ፎቶ ተነስተሽ ትምህርቴ ብለሽ እንደጠፋሽ፣ ድግሱ እንዳይበላሽም እኔን አልብሰው ለዚያው ሙሽራ እንደዳሩኝ።

«ታዲያ አባቴ የአክስቴ እጮኛ ነበር?» ስትለኝ የምናማርጠውን ልብስ ማጣጠፍ ያዝኩ። ይህን ስሜቴን ላንቺ እንኳ ጽፌልሽ አላውቅም። እስከ ዛሬ ትዳሬ ውስጥ የኖርኩት የሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ራማኑኒ ከማሳ ሲመለስ ታንካም እጁን ሳይታጠብ ቴምብሩን አሳየችው። ፊቱን አጥብቄ አየሁት። አልደነገጠም። እንዲያውም ፈገግ አለ።

«ያን ለት የማድራሱ ባቡር ያለወትሮው ዘግይቶ፣ ጣቢያው ላይ እንዴት እንደተንቆራጠጥን!» አለ።

ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ። እግሬን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ብዙም ቆየ።

ተንቆራጠጥን? እነማን?

የሰርጉ ለት ሙሽራው የዘገየው የጋሪው እግር ተሰብሮ ነው ተብሎ ነበር። ሲደርስ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። ሙሽራ ለሙሽሪት በሚሰጠው ወግ የሰርጉን ልብስ ሲሰጠኝ ደግሞ እየሳቀ ነበር፤ ለሰው ሳይሆን ለራሱ። ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር። ሙሽሪት የጠፋችበት ሰው እንዲያ ይስቃል?

እሱን አልጠየቅኩትም። ሲመሽ ግን እራቱን ሳቀርብለት እንደ ኮረዳ አፈርኩ። እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ባቡሩን ስትጠብቁ ስለ ማን አወራችሁ?

መልሱን በደብዳቤ መጻፍ ካልፈለግሽ በአካል ይሁን። እማዬ ራሷ፣ «ለሰርጉ ካልመጣች እርሜን አወጣለሁ በያት» ብላለች። ራማኑኒ ጣቢያ ድረስ እወጣለሁ ብሏል። አብሬው እመጣለሁ።

የጉሩቫዩሩ ቤተ መቅደስ ጌታ መንገድሽን ያቅናልን፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

ናፋቂሽ፣
ታናሽሽ