ድምፅ ማቅጠን

ሰኞ፣ ኅዳር 3

እንደ ወትሮው። አሥራ አራት አውቶብስ ጠራሁ፤ ሁለቱ ዘገዩ፣ አንዱ ጭራሽ ቀረ። ከሰዓት አንዲት መንገደኛ የማይክ ክፍሉን መስኮት አንኳኩታ፣ ያ የሚናገረው ሰውዬ የት ሄደ አለችኝ። እኔ ነኝ ስላት ሳቋ አመለጣት። ለምጄዋለሁ። ሾፌሮቹም “ሻምበል” ይሉኝ የለ?

አዲሱ አለቃ ግን አልሳቀም። ቢሮው ጠርቶ፣ የመናኸሪያ ድምፅ የሴት ድምፅ መሆን አለበት አለኝ። የእኔ የማን ሊሆን ነው ታዲያ?... እስከ ወሩ መጨረሻ “ቀጠን” ካላደረግሁት ወደ ሻንጣ ክፍል ያዛውረኛል። አሥራ አንድ ዓመት ማይክ ላይ ተቀምጬ፣ ሻንጣ ክፍል!

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ለታላቄ ደወልኩላት። የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ባጭሩ መመለስ አታውቅም። ሴቱም ወንዱም ልጅ ሳለ ድምፁ ብዙም አይለያይም አለች። ወንዶቹ ሲጎረምሱ የድምፅ አውታራቸው ይረዝማል፣ ይወፍራል፤ ድምፃቸውም ይወርዳል። ይህ ልዩነት በሰው ላይ ከጎሪላና ከቺምፓንዚም ይልቅ ሰፊ ነው። ለምን? እርግጠኛ የሆነ የለም። ብዙዎቹ የሚገምቱት ግን ጥንት ወንዱ ድምፁን ያወፈረው ሴት ከመማረክ ይልቅ ሌላውን ወንድ ለማስፈራራት ነው። ድምፀ ወፍራሙ ገና ሳይታይ ግዙፍ ይመስላል፣ ሳይደባደብ ያሸንፋል፣ ብዙ ይወልዳል፤ ልጆቹም ይወርሱታል። ይሄ በስንትና ስንት ሺህ ዘመን ተጠራቅሞ...

“ታዲያ ለእኔ የተሰጠኝ ማንን እንዳስፈራራበት ነው?”

“አለቃሽን።”

ከሳቅን በኋላ ቁም ነገሯን ያዘች። ይሄ ሁሉ አማካይ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ድምፀ ወፍራም ሴትም፣ ድምፀ ቀጭን ወንድም ሞልቷል። ይህን ለአለቃዬ ንገሪልኝ አልኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

አቀጠንኩ። ለብ ያለ ውኃ ጠጥቼ፣ አገጬን ቀና አድርጌ። “ከበር ሦስት” ላይ ስደርስ ተሰነጠቀብኝ። ሾፌሮቹ ከት ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጉሮሮዬ ተላጠ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ከሥራ መልስ ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ተለማመድኩ። አባዬ ሳሎን ነበር።

እሱ ማይክ ሳይመጣ በፊት እዚያው መናኸሪያ፣ በባዶ ጉሮሮው መንገደኛ ሲጠራ ነው የኖረው። ድምፄ የእሱ ነው፤ አክስቴ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ትሳሳት ነበር። ካለፈው ዓመት የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ወዲህ ግን አይናገርም፤ የሚለውን ደብተር ላይ ይጽፋል።

በሩን ከፍቶ ቆሞ ሰማኝ። አስረዳሁት... አለቃውን፣ ሻንጣ ክፍሉን... እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈ፦

“የእኔን ምን አደረግሽው?”

ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበ ዕቃ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

እንደማልችል ልነግረው አለቃ ቢሮ ሄድኩ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደውሎለት ስልክ ላይ ነበር። የእሱ ድምፅ እኮ ቀጭን ነው! ለእነሱ ሲሆን ግን ደረቱን ነፍቶ ከሆዱ ያወጣዋል። ስልኩን ሲዘጋ ሳል ያዘው።

“አይደክምዎትም?” አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ያውም በገዛ ድምፄ።

አለቀልኝ፤ ሻንጣ ክፍሉን በዓይኔ አየሁት።

“ይደክማል” አለ፣ በቀጭኑ።

ሌላ አልተባባልንም። ስወጣ ብቻ፣ ወደ ማይክሽ ሂጂ፣ እንደምትችዪው ጥሪ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

በራሴ ድምፅ አራተኛ ቀኔ። አንድ መንገደኛ “ወንድሜ” አለኝ፤ አቤት አልኩት።

ረፋድ ላይ አባዬ ሳይነግረኝ መጣ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ መናኸሪያውን ረግጦት አያውቅም። ድምፅ ማጉያው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በመስታወቱ አየዋለሁ። ማይኩን ከፍቼ የአምስት ሰዓቱን አውቶብስ ጠራሁ፤ ከበር ሦስት፣ ትኬታችሁን በእጃችሁ፣ ሻንጣችሁን ቁጠሩ... “ሻንጣችሁን ቁጠሩ” ማለት የጀመረው እሱ ነው።

ከንፈሩ ከእኔ እኩል ይንቀሳቀስ ነበር። አንዲትም ቃል አልሳተም።

አውቶብሱ ሞልቶ በሩን ዘግቷል። ቢሆንም ደግሜ ጠራሁት።